በቀዶ ሕክምና ስለ መውለድ

እናት ልጅ ለመውለድ ስትቃረብ ቤተ ሰቧ ሁሉ በደስታና በፍርሀት መካከል ሆኖ ቀኑን የሚጠብቅ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ ደስታው ይገባል፤ ፍርሀቱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የያዕቆብ ሚስት ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ምጥ ጠንቶባት ብንያምን ወልዳ መሞቷና በዚያው በመንገድ ዳር መቀበሯ ኦሪት ዘፍጥረትን ለሚያነቡ ሁሉ የተሰወረ ነገር አይደለም። የራሔል መንገድ ግን በዚያ ዘመን ተዘግቶ የቀረ አይደለም፤ ምጥ የጠናባቸው እናቶች በቃሬዛ ተይዘው ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሕይወታቸው የሚያልፍበት መንገድ ዛሬም በብዙ ቦታ ይገኛል።

ሀብትና ማዕርግም ቢሆኑ ይህን አደጋ ሊከለክሉ አልቻሉም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር የአስታማሚነትን ሞያ ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱና ትዳር ከያዙ በኋላ፥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በነቀምት ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው በአዲስ አበባ የተሠራውም ሆስፒታል ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፥ ያውም ሕሙማንን መርዳት የተማረች፥ ያላመለጠችው ነገር ከሐኪም ቤት ርቃ ለምትኖር ለገበሬ ሚስት እንዴት ያለ አደጋ እንደ ሆነ ለማስረዳት ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት 100,000 ሕፃናት ሲወለዱ 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ በመጣ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት ደግሞ ቍጥሩ ወደ 412 መውረዱን አመለከተ። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ዳሩ ግን 412 የሚለው ቍጥር 412 ቤት ያለ እናት መቅረቱን የሚናገር ስለ ሆነ፥ በተገኘው ረክቶ ለመቀመጥ አያስችልም። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት በአገሩ በጠቅላላው ከ100 ሁለት ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ በአዲስ አበባ ግን ከ100 ሃያ አንድ ያህል ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፥ በአንድ ሕዝብ መካከል በቀዶ ሕክምና የሚወለዱት እስከ ከ100 ዐሥር ድረስ ሲደርሱ የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ ግን ሞት የሚቀንስ ሆኖ አልታየም። እንግዲህ ጉድለቱ በሁለት ወገን ነው፤ በገጠር የሚያስፈልጋት እናት ሳታገኘው ትቀራለች፤ በከተማ ደግሞ የማያስፈልጋት እናት እንዳትቀደድ መጠንቀቅ ያሻል።

ይህ ጥበብ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ይኖራሉ። ነገር ግን ሮበርት ፌልኪን የተባለ እንግሊዛዊ በ1879 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ካሁራ በሚባል ስፍራ የአገሩ ሐኪም ምጥ የጠናባትን ሴት በሙዝ ጠጅ አደንዝዞ፥ እጁንና የሴቲቱን ሆድ በዚያው ጠጅ አጥቦ፥ ሆዷን ቀድዶ ልጁን ሲያወጣ፥ እናትና ልጅም በሕይወት ሲተርፉ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። በዚያ ዘመን በኤውሮፓ ሆዳቸው ከተቀደደ እናቶች ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር። ማክስ ዜንገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1882 እ.ኤ.አ. የተቀደደውን ማኅፀን በክር መስፋት እንደሚገባ ካስተማረ በኋላ ነው ነገሩ እየቀና የሄደው። ማደንዘዣ፥ የተቀቀለ መሣሪያ፥ የደም ልገሳና የመግል መድኀኒትም ሲጨመሩለት፥ ቀድሞ የሞት ፍርድ የነበረው ነገር ዛሬ በሺህ የሚቈጠሩ እናቶች በየቀኑ የሚድኑበት ሆኗል።

ሐኪም ይህን የሚያዝዘው በታወቀ ምክንያት ነው። ሕፃኑ በማኅፀን ውስጥ አግድም የተኛ እንደ ሆነ፥ እንግዴ ልጁ የመውጫውን በር የዘጋ እንደ ሆነ፥ የእናቲቱ ዳሌ ለሕፃኑ ራስ የጠበበ እንደ ሆነ፥ እትብቱ ቀድሞ የወጣ እንደ ሆነ፥ ወይም የሕፃኑ የልብ ትርታ የደከመ እንደ ሆነ፥ መጠበቅ ሁለቱንም ማጣት ሊሆን ይችላል። ምጥ ለቀናት ተጓትቶ እናቲቱ በሕይወት ብትተርፍ እንኳ፥ የሕፃኑ ራስ ፊኛዋን ጨፍልቆ ሽንቷ ያለ ማቋረጥ የሚፈስስበት የፊስቱላ ሕመም ሊያገኛት ይችላል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሀምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፥ ኋላ በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የፊስቱላን ሆስፒታል ያቋቋሙት በዚህ ሕመም ከባልና ከጎረቤት ተለይተው የሚያለቅሱትን ሴቶች አይተው ነው። ከእነዚያ ሴቶች አብዛኞቹ በጊዜው በቀዶ ሕክምና ቢወልዱ ኖሮ ይህ ሁሉ መከራ ባላገኛቸው ነበር።

እንግዲህ ሊታሰብበት የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው። ቢላዋው የሚሠራው ሥራ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ከእርሱ በፊት ያለው ዝግጅት ግን የዘጠኝ ወር ነው፤ ከእርሱ በኋላ ያለውም ጥበቃ ከ40 ቀን ያልፋል። ሐኪሙ የአንዱን ሰዓት ሥራ በደንብ ቢፈጽም፥ ቤተ ሰብ፥ ካህንና ሹም ግን የቀረውን ቸል ቢሉ፥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዝግጅቱ የሆነ እንደ ሆነ፥ ነፍሰ ጡሯ እርግዝናዋ እንደ ታወቀ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ መመርመር አለባት። የደሟ ዓይነት ይታወቃል፤ የደም ማነስ ቢኖርባት በእርግዝናው ወራት መድኀኒቱን ትወስዳለች፤ ደም ያነሳት ሴት በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጥቂት ደም ቢፈስሳት እንኳ ልትጎዳ ትችላለችና። ባልና ዘመድም ደም የሚለግሰው ማን እንደ ሆነ፥ በሌሊት መኪና የሚጠራው ማን እንደ ሆነ፥ በቤት የቀሩትን ልጆች የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ አስቀድመው መወሰን ይገባቸዋል። ቤቷ ሩቅ የሆነ፥ ወይም ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት፥ ቀኗ ሲቃረብ በጤና ተቋም አጠገብ በተሠራው የእናቶች ማቆያ ገብታ ብትጠብቅ ይሻላታል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ቀን አስቀድሞ የተቈረጠ እንደ ሆነ፥ እናቲቱ ሐኪም በወሰነላት ሰዓት ከምግብ መከልከል አለባት፤ ሆዷ ምግብ ይዞ ማደንዘዣ ቢሰጣት ምግቡ ወደ ሳንባዋ ወርዶ ሊያፍናት ይችላልና። በዚህ ረገድ ዘመዶች በፍቅር ብዛት ሸሽገው አጥሚት ወይም ጠበል ሲያጠጧት ይታያል። ካህናት ለዚህ ትልቅ እርዳታ ሊሰጡ ይችላሉ፤ እንዳትጠጣ በታዘዘችበት ሰዓት ጠበሉን ቢረጯትና ጸሎት ቢያደርሱላት በረከቱ አይጎድልባትም፤ የሐኪሙም ትእዛዝ ይጠበቃል። ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ በወገብ በኩል ስለሚሰጥ፥ እናቲቱ ነቅታ ሳለች ሕመም ሳይሰማት የልጇን የመጀመሪያ ልቅሶ ልትሰማ እንደምትችል አስቀድሞ ቢነገራት ፍርሀቷ ይቀልላታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በመጨረሻው ሰዓት የሚደረገው ክርክር ነው። እስቲ አንዲት እናት ትታሰብ፤ ሁለት ሌሊት በቤቷ አምጣ ሐኪም ቤት ደርሳለች፤ ሐኪሙ አሁኑኑ መቀደድ አለባት ይላል፤ በደጅ ግን አንዱ ዘመድ ባሏ ከሄደበት ይጠበቅ ይላል፤ ሌላው እናቶቻችን ያለ ቢላዋ ወልደዋል ይላል፤ ሦስተኛው ማርያም ትድረስላት እንጂ ለሰው እጅ አትሰጥም ይላል። ቀድሞ ያለ ቢላዋ የወለዱ እናቶች ብዙ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሲወልዱ የሞቱት መጥተው አይመሰክሩም። እመቤታችን ትድረስላት ብሎ የጸለየ ሰውም፥ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ቆሞ ሳለ ጸሎቱ ገና አልተሰማም ሊል አይገባውም። የሲራክን መጽሐፍ የሚያውቁ ሊቃውንት፥ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ ጥበቡም ከልዑል የተሰጠ እንደ ሆነ የተጻፈውን አይስቱትም። እንዲህ ባለው ሰዓት የንስሐ አባት የተናገረው አንድ ቃል የብዙ ሰው ክርክር ይቈርጣል። ይልቁንም አስቀድሞ በእርግዝናው ወራት ቢነገር፥ ፈቃዱም ስለ ራሷ አካል ስለ ሆነ ከሴቲቱ ከራሷ እንደሚጠየቅ ቤተ ሰቡ ቢያውቅ፥ በደጅ የሚጠፋው ጊዜ ይተርፋል።

ከወለደች በኋላ ስላለው ጥበቃ፥ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይታያሉ። አንደኛው፥ እናቲቱ ተቈርጣለችና አትነቃነቅ ብሎ በአልጋ ላይ ማሰር ነው። ይህ በእግሯ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል፥ በመጀመሪያው ቀን ተደግፋ ቀስ ብላ ብትራመድ ይጠቅማታል። ሁለተኛው ደግሞ፥ ሳምንት ሳይሞላ ተነሥታ እንስራ እንድትሸከምና ቤት ሙሉ እንግዳ እንድታስተናግድ ማድረግ ነው። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ከሕፃኗ የከበደ ነገር ማንሣት የለባትም። ቁስሏ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ደረቅ ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ ቅቤም ሆነ ቅጠል ሊደረግበት አይገባም። ገንፎውና አጥሚቱ መልካም ነው፤ ሥጋ፥ ባቄላ፥ ጎመንና ብዙ ውሃም ይጨመርላት። ሕፃኑ የመጀመሪያውን እንገር እንዲጠባ እንጂ ቅቤ እንዲውጥ ማድረግ አይገባም። ትኩሳት፥ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፥ የሚሸት ፈሳሽ፥ ብዙ መድማት፥ የአንድ እግር ማበጥ ወይም ብርቱ ራስ ምታት የታየ እንደ ሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል። ኀዘን ከሁለት ሳምንት በላይ የጫናትም እናት ተግሣጽ ሳይሆን ሕክምና ይገባታል።

አባቶች ለወንድ ልጅ 40፥ ለሴት ልጅ 80 ቀን እስኪሞላ ድረስ አራሷ በቤቷ እንድትቆይ የጠበቁት ሥርዓት፥ ሐኪሞች ማኅፀን ወደ ቦታው የሚመለስበት ነው ከሚሉት ከስድስት ሳምንት ጋራ የሚስማማ መሆኑ ያስደንቃል። ስለዚህ ካህናት ይህን ሥርዓት የክርስትና ድግስ ቀን መቊጠሪያ ብቻ አድርገው ሳይሆን፥ የእናቲቱ ዕረፍት አጥር አድርገው ቢያስተምሩት ይገባል። ጾም የደረሰባትን አራስም የንስሐ አባቷ ሳትጠይቀው ቀድሞ ፈቃዱን ቢነግራት፥ በኀፍረት ተይዛ ሰውነቷን እንዳትጎዳ ያደርጋታል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፥ በማኅፀን ላይ የቀረው ጠባሳ ነው። የቆዳው ቁስል ሲድን ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ በማኅፀኗ ያለው ጠባሳ ግን በሚቀጥለው ምጥ ጊዜ ሊተረተር ይችላል። ይህ በብዛት የሚሆን አይደለም፤ በማኅፀን በታችኛው ክፍል አግድም አንድ ጊዜ ከተቀደዱና ኋላ በምጥ ለመውለድ ከሞከሩ እናቶች ከ200 አንዷን ያህል ያገኛታል። በቤት ሳለች የደረሰባት እንደ ሆነ ግን ከእርሷም ከልጇም የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት፥ ቀጥሎ በተፈጥሮ መንገድ ልትወልድ ብትችል እንኳ፥ ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ሆስፒታል እንጂ በቤት ማማጥ የለባትም። እንደገና ከማርገዝም በፊት ሁለት ዓመት ያህል ብትቆይ ይመረጣል። የተቀደደችበትን ምክንያትና የቁርጡን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ከሐኪም ቤት ተቀብላ እንደ ርስት ደብዳቤ ልትጠብቀው ይገባል።

ሹማምንትም ከዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። መንግሥት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየቀበሌው ማሰማራቱ፥ አምቡላንስ ለየወረዳው መስጠቱ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ነዳጅ ያጣ አምቡላንስ፥ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሞያ የሌለው የቀዶ ሕክምና ክፍል፥ ምግብና አልጋ የሌለው የእናቶች ማቆያ በመዝገብ ላይ ቢጻፍም ነፍስ አያድንም። በከተማም ያሉ የሕክምና ቤቶች እያንዳንዱን ቀዶ ሕክምና በምን ምክንያት እንደ ሠሩት እንዲያስረዱ መቈጣጠር ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ፥ ለአባት የሰጠው ግን ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ሚስቱ እንስራ ማንሣት በማትችልበት ስድስት ሳምንት ባል በአራተኛው ቀን ወደ ሥራው መመለሱ ብዙ የሚያሳስብ ስለ ሆነ፥ አለቆች ቢያንስ የዓመት ዕረፍቱን በዚያ ጊዜ እንዲወስድ ሊፈቅዱለት ይገባል።

በመጨረሻም አንድ የጎረቤት ልማድ መቅረት ይገባዋል። በምጥ የወለደችውን እናት ሁሉም እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ሲስማት፥ በቀዶ ሕክምና የወለደችውን ግን አንዳንዱ ምጥ ያመለጠች፥ ወይም ጸሎቷ ያልተሰማላት አስመስሎ በዝምታ ያያታል። እርሷ ግን ሥጋዋ ተቈርጦ፥ ደሟ ፈስሶ፥ በሞት አጠገብ አልፋ ልጇን ታቅፋ የተመለሰች ናት። እንኳን ማርያም ማረችሽ መባል ለማንም የሚገባ ከሆነ፥ ለእርሷ ይገባል። የአገር ሽማግሌና የደብር አለቃ ይህን ቃል አስቀድመው በደጇ ቢናገሩላት፥ ጎረቤትም ቃሉን ይቀበላል፤ በሌላው ቀን በሐኪም ቤት ደጅ ለፈቃድ የምትጠየቀውም እናት ሳትፈራና ሳታፍር ትመልሳለች።