መርከብ ማሠራቱስ ይሁን፤ የት ሊታሰር ነው?

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር ሆና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቁልቁል የምትመለከት ከተማ ናት፡፡ ሆኖም በአርሲ ደጋ የሚነግድ ሰው ስለ መርከብ የሚያውቀው ጥቂት አይደለም፡፡ በሔጦሳና በጢዮ ስንዴ የሚዘራበት ማዳበሪያ፣ የኮምባይነሩ ቺንጊያና ጎማ፣ የጭነት መኪናው ናፍጣ ሁሉ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው፡፡ መርከብ ወደብ ላይ ከቀኑ በላይ ሲቆም የሚቆጠረው ዲሜሬጅ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አሰላ ገበያ ላይ ነው፡፡

አገሪቱ ባሕር ኃይሏን እንደገና እንደምታቋቁም በግንቦት 2010 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ጉዳዩ በአብዛኛው የክብርና የታሪክ ጥያቄ ተደርጎ ሲወሳ ቆይቷል፡፡ ክብሩ አይናቅም፡፡ ነገር ግን ባሕር ኃይል ካለ መርከብ ማሠራት አለ፤ መርከብ ማሠራት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል፣ ዓመታት የሚፈጅ የግዢ ውል ነው፡፡ ውል ከሆነ ነጋዴ የሚለው አያጣም፡፡ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ እያንዳንዱ ዶላር ለምን እንደሚውል መጠየቅ ድፍረት ሊባል አይገባም፡፡

የአሰላ ሰው ውድ ማሽን ከውጭ ማስመጣትን ያየው በእርሻ መሣሪያ ነው፡፡ በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ «ካዱ» የሚለው፣ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር የትራክተርን ጥቅምም አሳየ፡፡ (ትራክተሩን ተከትሎ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ መፈናቀሉ ሌላ ታሪክ ነው፡፡) ዛሬ ኮምባይነር ያለው ባለሀብት መኸር ሲደርስ ከቆላው ጀምሮ እህሉ በደረሰበት ሁሉ እየተከተለ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ወደ ባሌም ይሻገራል፡፡ ሒሳቡ በኩንታል ነው፤ ደላላውም የሚያገኘው ከዚያው ላይ ነው፡፡ በዓመት ውስጥ ማሽኑ የሚሠራው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፡፡ በቀረው ጊዜ ቆሞ ይበላል፤ የዘበኛ ደመወዝ፣ የባንክ ወለድ፣ የመለዋወጫ፣ የዝገት፡፡ የከሰረ የኮምባይነር ባለቤት ቢጠየቅ፣ ያጎበጠው የተገዛበት ዋጋ ሳይሆን የቆመበት ወጪ መሆኑን ይናገራል፡፡

መርከብ ከዚህ የሚለየው የቆመበትን የሚያስከፍለው የሌላ አገር መንግሥት ሲሆን ነው፡፡ ይህም በኢትዮጵያ ላይ የደረሰ ነገር ነው፡፡

ወታደርና ታንክ ጭኖ ዳርቻ ላይ የሚያራግፍ መርከብ ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አዲስ አይደለም፡፡ ከፈረንሳይ ሁለት አነስተኛ አራጋፊዎች ነበሩ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ፖላንድ ውስጥ የተሠሩ «ፖልኖክኒ» የሚባሉ ሁለት መርከቦች ከሶቭየት ኅብረት መጡ፡፡ ርዝመታቸው ከ70 ሜትር የሚበልጥ፣ አፋቸው ተከፍቶ ታንክ በቀጥታ አሸዋው ላይ የሚያወርዱ ነበሩ፡፡ የካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፡፡ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲያከትም መንቀሳቀስ የቻሉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፡፡ ከአሜሪካ የተገኘችውና የባሕር ኃይሉ አውራ የነበረችው «ኢትዮጵያ» እዚያው የመን ውስጥ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፡፡ የመን የቀሩትን ውጡልኝ ስትል ባሕሩን መሻገር የቻሉት ወደ ጅቡቲ ሄዱ፡፡

የጅቡቲው ፍጻሜ ለነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት አለው፡፡ መርከቦቹ ወደቡ ላይ ቆመው የወደብ ኪራይ ይቆጥር ጀመር፡፡ ከፋይ አልተገኘም፡፡ መስከረም 6 ቀን 1989 ዓ.ም. ጅቡቲ መርከቦቹን ያዘችና ዕዳዋን ለማስመለስ ለጨረታ አቀረበቻቸው፡፡ ኤርትራ 16ቱን ለመግዛት አስባ፣ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ነገር እንዳይካረር በሚል አራት ብቻ ወሰደች፤ ሌሎቹ ለብረታ ብረት ዋጋ ሄዱ፡፡ በነፍጥ ያልተማረከው ባሕር ኃይል በመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተሸጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ሁለተኛው ጉዳይ የሠሪው ጠባይ ነው፡፡ እዚህ ላይ ከ«ሚስትራል» የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፡፡ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ትላልቅ አራጋፊ መርከቦች እንዲሠሩላት ከፈረንሳይ ጋር በ1.2 ቢሊዮን ዩሮ ተዋዋለች፡፡ እያንዳንዳቸው 199 ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ 16 ሄሊኮፕተር የሚይዙ ናቸው፡፡ ሥራው በሴን ናዜር ተካሄደ፤ የሩሲያ መርከበኞችም እዚያው ሄደው ሠለጠኑ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 የዩክሬን ጉዳይ መጣና ፈረንሳይ ያለቀውን መርከብ አላስረክብም አለች፡፡ በነሐሴ 2015 ውሉ በስምምነት ፈርሶ ፈረንሳይ 950 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ መለሰች፡፡ ወዲያው ግብፅ መጥታ ሁለቱንም በዚያው በ950 ሚሊዮን ዩሮ ግድም ገዛች፤ «ገማል አብደል ናስር» እና «አንዋር ኤል ሳዳት» ተብለው በ2016 ተረከበቻቸው፡፡

እዚህ ላይ የመርካቶ ነጋዴ አንድ ነገር ወዲያው ይገባዋል፡፡ ሩሲያ ገንዘቧን ያስመለሰችው ከፈረንሳይ ጋር እኩል ተቀምጦ መደራደር የሚችል ጉልበት ስላላት ነው፡፡ ቀብድ ከፍሎ ዕቃው ሲከለከል ቀብዱን የሚያስመልስ ሁሉ አይደለም፡፡ ከዚያች ፈረንሳይ ጋር ኢትዮጵያ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የባሕር ኃይል ግንባታን የሚጨምር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈራርማ ነበር፡፡ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ፈረንሳይ በ2013 ዓ.ም. ትብብሩን አቆመችው፡፡ ያን ጊዜ ሴን ናዜር ውስጥ ግማሹ የተከፈለበት፣ ግማሹ የተሠራ የኢትዮጵያ መርከብ ቢኖር ኖሮ ሒሳቡን ማን ያወራርድ ነበር?

ስለዚህ የውሉ አንቀጽ ከመርከቡ ቶን ይቀድማል፡፡ ክፍያው ሥራው በደረሰበት ደረጃ እንዲሆን፣ እያንዳንዱ ቅድመ ክፍያ በሦስተኛ አገር ባንክ ዋስትና እንዲታሰር፣ ሠሪው በፖለቲካ ምክንያት ቢያስቀር ገንዘቡ ከነወለዱ እንዲመለስ፣ መለዋወጫው ከመርከቡ ጋር አብሮ እንዲጫን ማድረግ ያስፈልጋል፡፡ ኮምባይነር አስመጪው ይህን የተማረው በኪሱ ነው፡፡ አንድ ቺንጊያ ተበጥሶ ኤል ሲ እስኪከፈት ሲጠብቅ የአንድ መኸር ገቢ ያመለጠው ሰው በአሰላ ብዙ ነው፡፡

መርከቡ ያስፈልጋል የሚሉ ወገኖች ክርክር ባዶ አይደለም፡፡ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የንግድ መርከቦችን ሲያጠቁ የጦርነት ኢንሹራንስ ዓረቦን ተሰቅሏል፤ ብዙ ኩባንያዎችም በደቡብ አፍሪካ ዞረዋል፡፡ የኢትዮጵያ መርከብ ድርጅት በቻይና ብድር ቻይና ውስጥ ያሠራቸው ዘጠኝ መርከቦች ነበሩት፤ ሁለቱ ነዳጅ ጫኞች ሲሆኑ እንደ መቀሌ፣ ሐረርና ጅግጅጋ ባሉ ከተሞች ስም ተሰይመዋል፡፡ (ከዘጠኙ አሰላ የሚባል የለም፡፡) እንዲህ ያለ ንብረት ባሕር ላይ ያለው አገር ጠባቂ ቢሻ አይፈረድበትም፡፡ ይሁንና ጭነትን ከጥቃት የሚጠብቀው ፈጣን የቅኝት መርከብ ነው እንጂ ታንክ አራጋፊ አይደለም፡፡ የንግዱ መርከብ ደግሞ ቢያንስ ኪራይ ያስገባል፤ ብድሩንም ከገቢው ይከፍላል፡፡ የጦር መርከብ ገቢ የለውም፡፡

ዋናው ቋጠሮ ግን ማሰሪያው ነው፡፡ ከሶማሌላንድ ጋር ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ለባሕር ኃይል የሚሆን ዳርቻ በኪራይ ለማግኘት ያለመ ነበር፤ ሶማሊያን አስቆጣ፡፡ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ የወጣው መግለጫ በሶማሊያ ሉዓላዊነት ሥር ስለሚሆን የባሕር መተላለፊያ ድርድር ተናገረ፡፡ የወደብ ውል ተፈርሞ፣ ኪራዩ በስንት ዓመት እንደሚከለስ ታውቆ፣ ዕዳ ሲኖር መርከብ እንደማይያዝ ተጽፎ ካልተቀመጠ በቀር ለሠሪ ቀብድ መክፈል የጅቡቲውን ጨረታ መጋበዝ ነው፡፡ እስከዚያው መርከበኛ ማሠልጠን ይቻላል፤ የሠለጠነ ሰው የወደብ ኪራይ አይቆጠርበትም፡፡

ግብፅ ሁለቱን ሚስትራሎች ስትገዛ በሜዲትራኒያን እስክንድርያ፣ በቀይ ባሕር ሳፋጋ ነበሯት፡፡ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ሳፋጋ ላይ የደቡብ ባሕር ኃይሏን አቋቋመች፤ ገማል አብደል ናስርም የታሰረው እዚያው፣ በራሷ ወደብ፣ ያለ ኪራይ ነው፡፡