ጥገናው ከፍሬንና ከመሪ ይጀምር

የገበሬዎች ማኅበር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያመላልስበት፣ የአባላቱን እህል ወደ ገበያ የሚያወጣበት አሮጌ የጭነት መኪና በዓመታዊው ምርመራ ሲወድቅ ሥራ መስተጓጎሉ አይቀርም። በዚህ ጊዜ የማኅበር መሪዎች የምርመራውን ውጤት ለጋራዡ እንደሚሰጥ የሥራ ዝርዝር ሊጠቀሙበት ይገባል።

አንዳንዶች ለምርመራው ዕለት ደህና ጎማ ተውሰው፣ የዛገውን በቀለም ሸፍነው ቦሎ ለማግኘት ይሞክራሉ። ይህ ዘዴ መርማሪውን ቢያታልል እንኳ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ቁልቁለት ሊያታልል ከቶ አይችልም።

ስለሆነም ጥገናው ቅደም ተከተል ይኑረው። በመጀመሪያ ፍሬን፣ መሪና ጎማ፤ ቀጥሎ መብራትና ፍሬቻ፤ ቀለም በመጨረሻ። ያለቀ የፍሬን ሸራ በግራም በቀኝም አብሮ ይለወጥ፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። የፍሬን ዘይቱም ሊዘነጋ አይገባም። አዲስ ዶት 3 ዘይት 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም።

ለጥገና የሚውለው ገንዘብ ትርፍ ከመከፋፈሉ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ። የተለወጠው ዕቃ ከነደረሰኙ ተመዝግቦ ለጠቅላላ ጉባዔ ይቅረብ። በመኪናው የሚጓዘው የአባላት ሕይወትና የዓመት ድካም ነውና፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን።