«አሉ» «አለ» የሆነበት ምክንያት

ባለፈው ዓመት ክበባችን ያወጣት ትንሽ መጽሔት በአንድ አረጋዊ መምህር ላይ የብልግና ሥራ ሠራች። መምህሩ ተጋብዘው ያደረጉልንን ንግግር የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በየአንቀጹ መጨረሻ «አሉ» ማለቴንም ረቂቁ እስከ ዛሬ ይመሰክርልኛል። መጽሔቷ ተባዝታ ስትወጣ ግን ከዳር እስከ ዳር «አለ» ሆኖ ተገኘ። ቅጂያቸውን ስናደርስላቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና «ልጆቼ፣ በአንድ ሌሊት እኩያችሁ አደረጋችሁኝሳ!» ብለው ሳቁ። እሳቸው ቢስቁም እኛ መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን ነበር።

ጥፋቱ ከምን መጣ? አዘጋጁ ጓደኛችን «መጽሔታችን ሥልጡን ትምሰል» ብሎ፣ እግሩ እንደ ምሰሶ የወፈረ፣ አግዳሚ ሰረዙ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ፊደል መረጠና አርእስቱን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን ሁሉ በዚያው ጻፈው። በኮምፒዩተር ላይ ሲታይ በእውነት ያማረ ነበር። ባረጀችው ማባዣ መኪና፣ በሻካራ ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን ወፍራሙ ተርፎ ቀጭኑ ጠፋ። «ሉ»ን ከ«ለ» የምትለያት ያችው ቀጭን ሰረዝ ናትና መምህራችን አንቱታቸውን በዚያው አጡ።

ይህን የመሰለው ፊደል የተወለደው በአውሮፓ ነው። በእነርሱ አቈጣጠር በ1757 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆን ባስከርቪል የቨርጂልን ግጥሞች ሲያትም የወፍራሙንና የቀጭኑን ልዩነት ከቀድሞው አጐላው። ከእርሱ በኋላ በፓሪስ ፊርማን ዲዶ፣ በኢጣልያም ከ1768 ዓ.ም. ጀምሮ የፓርማን መስፍን ማተሚያ ቤት የመራው ጃምባቲስታ ቦዶኒ ልዩነቱን እስከ መጨረሻው አደረሱት። የቦዶኒ የፊደል መድበል እርሱ ከሞተ በኋላ በ1818 ዓ.ም. በባለቤቱ ጥረት በሁለት ቅጽ ታተመ። ልብ በሉ፤ ባስከርቪል የታተመውን ወረቀት በጋለ የመዳብ ሰሌዳ አስጭኖ ያለሰልስ ነበር፤ ቦዶኒም ያትም የነበረው ለመሳፍንትና ለመጽሐፍ ወዳዶች ሲሆን፣ ገጹ ትልቅ፣ ኅዳጉም ሰፊ ነበር። እንግዲህ ያ ቀጭን ሰረዝ ብቻውን የቆመ ጌጥ አይደለም፤ ጥሩ ወረቀት፣ ጥሩ ቀለምና ሰፊ ቦታ ካላገኘ አይኖርም።

ይህንንም ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ጆናታን ሄፍለር ሃርፐርስ ባዛር ለተባለው የፋሽን መጽሔት የዲዶን ፊደል እንደገና ሲሥል፣ አንዱን ቅርጽ እያሳደገና እያሳነሰ ለሁሉም አላዋለውም፤ ለሰባት ልዩ ልዩ መጠን ለየብቻ ሣለው እንጂ። ለትልቁ አርእስት የሚሆነው ሰረዙ ቀጭን ነው፤ ለትንሹ ጽሑፍ የሚሆነው ደግሞ ጠንከር ያለ ነው። እኛ ግን የአርእስቱን ልብስ ለጽሑፉ አለበስነው።

በአማርኛ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። በላቲን ፊደል የ«ኢ» አግዳሚ ሰረዝ ብትጠፋ «ሲ» ይመስላል፤ አንባቢው ግን ቃሉ እንደ ተበላሸ ወዲያው ያውቃል። በእኛ ፊደል ካዕቡን ከግዕዙ፣ ሣልሱን ከኃምሱ የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። «ሄዱ» «ሄደ» ቢሆን፣ «አሉ» «አለ» ቢሆን ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለ ሆኑ አንባቢው መሳሳቱን እንኳ አያውቅም። ብዙው አንድ ሆኖ ይቀራል፤ የተከበረውም ይዋረዳል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አንተ ውበት ትጠላለህ» ይሉኛል። አልጠላም። ወፍራምና ቀጭንም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን በመቃ ብዕር ሲጽፉ ቋሚው ይወፍር፣ አግዳሚው ይቀጥን ነበር። ነገር ግን የመጽሐፉን መጀመሪያና ቅዱሳት ስሞችን ለይተው ለማክበር ሲፈልጉ ፊደሉን አላመነመኑትም፤ በቀይ ቀለም ጻፉት እንጂ። ክብር መስጠትና ማንበብን ማስቸገር ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ገብቷቸው ነበር።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። አንደኛ፣ ያ የሚያምር ፊደል በመጽሔታችን ሽፋን ላይ በትልቁ ይቀመጥ፤ ዙሪያውም ነጭ ቦታ ይተውለት። ሁለተኛ፣ የውስጡ ጽሑፍ ሰረዙ ጠንካራ በሆነ ፊደል ይጻፍ። ሦስተኛ፣ አዘጋጆቹ ፊደል ሲመርጡ በኮምፒዩተር ላይ አይተው አይፍረዱ፤ አንድ ገጽ በዚችው መኪና አባዝተው በመኝታ ቤታችን መብራት ያንብቡት። በመካከላችን ፊደል ለመሣል የሚሞክሩ እንዳሉም አውቃለሁ፤ እነርሱንም እለምናለሁ። እግሩን እንደ ወደዳችሁ አወፍሩት፤ ያችን የድምፅ ምልክት ግን አታቅጥኗት። እርሷ ጌጥ አይደለችም፤ ቃሉን የያዘችው እርሷ ናት።

መምህሩ በሚቀጥለው ወር እንደገና እንዲናገሩልን ጋብዘናቸዋል፤ እሺም ብለዋል። በዚህ ጊዜ ምን እንዳሉ ስጽፍ፣ «አሉ» «አሉ» ሆኖ እንዲወጣ አደራ እላለሁ።