እግር አይተው አጥንት ለሚቆጥሩ ወዳጄ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢዬ፤

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ቆዳ ነው፤ ያውም ስለ ገጠር ሰው ቆዳ። «እከክና ቁስል ደግሞ ምን ደብዳቤ ያስጽፋል? ሳሙና ሲገባ ይወጣል» ሊሉኝ አፍዎን ሲያሾሉ ከዚሁ ሆኜ ይታየኛል። ትንሽ ይታገሱኝ። የቆዳ በሽታ እንዲያው በዘፈቀደ አገር ላይ አይበተንም፤ የሚያዘወትረው ቦታ አለው። ቦታውን የሚመርጥለትም አፈሩ፣ የመሬቱ ከፍታ፣ የውኃው ርቀትና የመኝታው ጥበት ነው። እኛ ግን ይህን ሁሉ ትተን የሰውየውን አጥንት እንቆጥራለን።

ከእግር እንጀምር። ወላይታ ወይም ምሥራቅ ጎጃም ገበያ ውለው ከሆነ ሳያዩ አልቀሩም፦ ከጉልበቱ በታች ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረ፣ ጣቶቹ ላይ እባጭ ያወጣ እግር ያለው ሰው ከሌላው ራቅ ብሎ ተቀምጦ ሲሸጥ። «ዝሆኔ ነው» ብለን እናልፋለን። በቆላው ትንኝ የምታስተላልፈው ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ሌላ ነው። ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ትንኝም ትልም የለበትም። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ ብሪታኒያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ አገራችን ሲመራመሩ መነሻው ቀዩ አፈር መሆኑን አሳዩ። ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ሰርገው ይገቡና የሊምፍ ቧንቧዎችን እያቆሰሉ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በመቶዎች በሚቆጠሩ ወረዳዎች ተገኝቷል። ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ ሲበረታ፣ አፋርንና ሶማሌን እምብዛም አይነካም። የዘር እርግማን ቢሆን ኖሮ ከዝናብና ከከፍታ ጋር ምን አገናኘው?

«ታዲያ አባቱም አያቱም ነበረባቸው እኮ!» ይሉኝ ይሆናል። እውነትዎን ነው፤ አልክድዎትም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰዎች ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው እንደሚወለዱ አሳይቷል። ነገር ግን ተጋላጭነቱ ብቻውን እግር አያሳብጥም፤ አፈሩን ካልረገጠ በሽታው አይመጣም። ደግሞስ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ደም ብቻ ነው እንዴ? ማሳውንም ይወርሳል፤ በባዶ እግር ማረሱንም ይወርሳል። ከሰው ወደ ሰው እንኳ በማይተላለፍ በሽታ ሽማግሌ የሚመለስበት፣ የታጨች ልጅ የምትቀርበት ቤት ስንት ነው?

«እንግዲያው ጫማ ያድርጉ፤ አለቀ!» አሉኝ? አላለቀም። በእርሻ ወቅት ጭቃው ጫማውን ከእግር ላይ ይነጥቃል፤ የፕላስቲኩ ጫማ ደግሞ በቀዳዳው አፈር ያስገባል። ደህናው ጫማ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ቀን ተጠብቆ ይቀመጣል። አንዴ ያበጠ እግር ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያለ ጫማ አይገባለትም። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ እግርን በንጹሕ ውኃና በሳሙና በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ልኩ በሆነ ጫማ መሸፈን። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ እግሩ እየጋለ ሰውየውን አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ግን ያንን ውኃ ሚስቲቱ ናት ከምንጭ በጀሪካን ተሸክማ የምታመጣው። ስለዚህ «ለምን አይታጠብም?» ከማለትዎ በፊት ምንጩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቁልኝ።

«እከክ ግን የንጽሕና ጉድለት ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ አትከራከረኝ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይቅርታዎን፤ እዚህም ላይ እከራከርዎታለሁ። የእከክ ተባይ ቆዳ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ነው የሚኖረው፤ ገላ መታጠብ አይገድለውም። የሚተላለፈው ገላ ለገላ በመነካካት፣ ከሁሉ በላይ አብሮ በመተኛት ነው። የቆሎ ተማሪዎችን ያስቡ፦ በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ያድራሉ፤ ደበሎ ይዋዋሳሉ፤ ሌሊት ሌሊት የጣቶቻቸውን መካከል ያካሉ። እነርሱን ሰነፍና ቆሻሻ የሚል አለ? የሚከፋው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ መሆኑ ነው። የሚያክከውን ልጅ ብቻ ካከሙት፣ ገና ያላሳከከው ወንድሙ መልሶ ያስይዘዋል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከመ መድኃኒቱ በከንቱ ነው።

ቁንጭርን ሳላነሳ ብቀር ይቀየሙኛል። ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድነውን ቁስል ብዙ የደጋ ሰው የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ይላል። እርስዎም ፈገግ ብለው «ኋላ ቀርነት!» ሳይሉ አልቀሩም። ግን ያ ሰው ከሚገምቱት በላይ አስተዋይ ነው። በሽታው ከገደልና ከዋሻ አካባቢ፣ በጨለማ እንደሚመጣ በትክክል አይቷል። ተከሳሹን ብቻ ነው የሳተው። በገደሉ ድንጋይ መካከል የሽኮኮ መንጋ አለ፤ የበሽታው ጥገኛ ተሕዋሲ በሽኮኮዎቹ ገላ ይኖራል፤ በምሽት የምትነክስ የአሸዋ ዝንብ ናት ወደ ሰው የምታሻግረው። በጋሞ ደጋ በኦቾሎ የተደረጉት ጥናቶች የመሰከሩት ይህንኑ ነው። የሌሊት ወፍ በነጻ ትሰናበት።

«ጠበሉንስ ልታስተወን ነው?» የለም፤ ይጠመቁ። መድኃኒቱንም ይውሰዱ፤ ሁለቱ አይጣሉም። የምፈራው መዘግየትን ነው። ሥጋ ደዌን ይመልከቱ፦ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቀለሙ ፈዘዝ ባለ፣ በማያሳክክና በማያም፣ ሲነኩት በማይሰማ ቦታ ነው። ስለማያም ማንም ግድ አይሰጠውም። በ6 ወይም በ12 ወር የሚድን፣ መድኃኒቱም በነጻ የሚታደል በሽታ፣ «የእነ እገሌ ዘር» መባልን በመፍራት ተደብቆ ጣት ያስቆርጣል። ጣቱን ያሳጣው በሽታው ብቻ አይደለም፤ አፋችንም አለበት።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ለበዓል አገር ቤት ሲገቡ ልብስና ስኳር ይዘው እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ዘንድሮ ሳሙናና የተሸፈነ ጫማ ይጨምሩበት። ከተገለለው ሰው አጠገብ ተቀምጠው ቡና ይጠጡ፤ ሌላውም አይቶ ይቀርበዋል። የሚያክክ ልጅ ካለ ቤተሰቡን በሙሉ፣ ስሜት ያጣ ቆዳ ያለው ካለ ዛሬ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ያድርሱልኝ። ስለ ትዳር ሲመከርም፣ በእግር እብጠት ምክንያት ልጅ አይከለከልም ብለው በሽማግሌዎቹ ፊት ይናገሩ፤ ቃልዎ ይሰማልና።

አክባሪዎ