ድምፁ ባለቤት አለው፦ ለማስታወቂያ ድርጅቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የማስታወቂያ ድርጅት ባለቤቶችና ማስታወቂያ ለምታሠሩ ኃላፊዎች፤

በድምፄ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ስሜን ባታውቁት ድምፄን ሳትሰሙት አልቀራችሁም፤ የሳሙናውንም፣ የቤት ሽያጩንም፣ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» የሚለውንም ዓይነት ሥራ ስሠራ ኖሬያለሁ።

መቅደስንና አምሃን ሳትተዋወቁ አትቀሩም። ማይክሮሶፍት ለአማርኛ ያዘጋጃቸው ጽሑፍ አንባቢ ድምፆች ናቸው። ጉንፋን አይዛቸውም፣ ትራፊክ አያስረፍዳቸውም፣ ቀብድ አይጠይቁም። ለምን እንደወደዳችኋቸው ይገባኛል።

ማሽኑ ይሳሳታል ብዬ አልከራከርም። እርግጥ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ ማሽኑ የገናን በዓል «ገና ነው» እንደምንለው አላልቶ ሲያነበው ሰምተን ስቀናል። ነገ ግን ይታረማል። ሥራችንን በማሽኑ ስህተት ላይ ከተከልነው፣ ስህተቱ በታረመ ማግስት እኛም አበቃልን።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ስቱዲዮ የምንገባው አንድ ማስታወቂያ ለማንበብ ነው። ጽሑፉ የ30 ሰከንድ ነው። ደንበኛው «ትንሽ ሞቅ ይበል» ይላል፣ እንደገና እናነባለን። «ስልክ ቁጥሩ ላይ ቀስ በል» ይላል፣ ደግመን እናነባለን። ከዚያ ሁሉ አንዷ ተመርጣ አየር ላይ ትውላለች፤ የቀሩት እናንተ ዘንድ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣሉ። የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች ደግሞ የጥቂት ደቂቃ ንባብ ካገኙ የሰውየውን ድምፅ አስመስለው ያላለውን ያስብሉታል። እናም የዓመታት ንባባችንን የያዘው ሃርድ ዲስካችሁ እኛኑ ከሥራ ለማስወጣት ይበቃል። የተከፈለን ግን ለ30 ሰከንዷ ነው።

አብዛኞቻችን ውል እንኳ አልፈረምንም። ተደውሎልን መጣን፣ አነበብን፣ ገንዘባችንን ተቀብለን ወጣን። «ታዲያ ውል ከሌለ ምን ከለከለን?» የሚል ካለ ሕጉን ይመልከት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ይሰጣል፤ ድምፅ ስለሚያስመስል ማሽን ግን ምንም አይልም፣ ያኔ ማን አስቦት! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ የግል መረጃ እንዲሁ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ይገድባል። ማስታወቂያ አንባቢ በየትኛው ይጠለል የሚለውን ጠበቆች ይከራከሩበት። እኔ የምለምነው፣ ጉዳዩ እስኪጠራ ድረስ፣ ኅሊናችሁን ነው።

የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. 118 ቀን አድማ መትቶ ነው፣ የተዋናይ ምስልና ድምፅ ያለ ፈቃዱና ያለ ክፍያ በኮምፒውተር እንዳይባዛ ከፊልም ስቱዲዮዎቹ ጋር ውል የገባው። እኛ አድማ ብንመታ ማን ልብ ይለናል? በማግስቱ አምሃን ታስነብቡታላችሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የጀማሪዎቹ ነገር ነው። ዝነኛውን አርቲስት አትነኩትም፤ ፊቱንም ስሙንም ትፈልጉታላችሁ። እኛ ሥራውን የለመድነው ግን በትንንሾቹ ነው፤ በስልክ መልስ፣ በሱቅ ማስታወቂያ፣ በሠርግ ቪዲዮ ትረካ። ማሽኑም የሚጀምረው ከእነዚሁ ነው። ከሥር የሚመጣው ልጅ የት ይለማመድ? ከ10 ዓመት በኋላ ለማሽናችሁስ የሚሆን ጥሩ ድምፅ ከየት ልታመጡ ነው?

ማሽኑን ጣሉት አላልኩም። የቆዩ ቅጂዎቻችንን ለማሽን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ደውሉልን። እሺ የሚል ይኖራል፣ እምቢ የሚልም ይኖራል። እሺ ላለው፣ ማሽኑ በድምፁ ባነበበ ቁጥር ክፈሉት። እምቢ ላለው ፋይሉን አጥፉለት። ቁጥራችን እንደሆነ ስልካችሁ ውስጥ አለ።