ቁጥሩ ወረደ፣ ውሃውስ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። በስምጥ ሸለቆ ባለች አነስተኛ ከተማ የውሃ አገልግሎት ውስጥ ነው የሚሠራው። «ጋሼ፣ የጉድጓዳችን ፍሎራይድ 2.6 ወጣ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ለማታውቁት፦ የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ ድሮ በሊትር እስከ 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ይፈቅድ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ወደ 1.5 አወረደው። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። መውረዱን እደግፋለሁ። በዚያ ውሃ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዙ ፍሎራይድ ያለበትን ለዓመታት የጠጣ ደግሞ አጥንቱ ይጎዳል፣ ወገቡ አልታጠፍ ይለዋል። ወንጂ ላይ የታየ ነው። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚስቁ ልጆች አስተምሬያለሁ።

ግን ቁጥር ማውረድ ብቻውን ምን ያደርጋል? ልጁ ናሙናውን ያስመረመረው ሌላ ከተማ ልኮ ነው። ጉድጓዱን ቢዘጋ ሕዝቡ ምን ይጠጣል? ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። ክሎሪንም አይነካውም።

ማጣሪያማ አለ። የከሰለ የከብት አጥንት አለ፣ አሉሚና አለ፣ አልሙና ኖራ የሚጨመርበት የህንዶቹ የናልጎንዳ ዘዴ አለ። ሁሉም ግን በየጊዜው የሚከታተለውና ሲጠግብ የሚቀይረው ሰው ይፈልጋል። ሪባን ተቆርጦለት ሁለት ዓመት ሳይሞላው የዶሮ ማደሪያ የሆነ ማጣሪያ በዓይኔ አይቻለሁ። (የምረቃው ፎቶ ላይ እኔም አለሁ፣ ምን ልበላችሁ።)

ለልጁ ያልኩት ይሄን ነው። ፓምፑ ተበላሽቶ የቆመውን አሮጌ ጉድጓድ መጀመሪያ አስመርምር። 0.8 ቢሆን እንኳ እኩል በእኩል መቀላቀል 1.7 ነው የሚሰጥህ፤ ከአሮጌው ሁለት እጅ፣ ከአዲሱ አንድ እጅ ካደረግከው 1.4 ይሆናል። ያ ካልሆነ የከተማውን ውሃ በሙሉ ላጣራ አትበል። በፍሎራይድ ውሃ ልብስ ቢታጠብ ምንም አይደል፤ ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነውን ብቻ በተለየ ቦኖ አጣርተህ ስጥ።

ቀሪው ግን የሱ ዕዳ አይደለም። የመመርመሪያ ኬሚካል፣ የባለሙያ ሥልጠና፣ ለማጣሪያ መቀየሪያ በየዓመቱ የሚያዝ በጀት ደረጃውን ካጸደቁት ዘንድ ነው መምጣት ያለበት። ጉድጓድ የምታስቆፍሩም ብትሆኑ ቧንቧ ከመዘርጋታችሁ በፊት አስመርምሩ እንጂ!

ተማሪዎቼ፣ የውሃ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የአሮጌውን ጉድጓድ ናሙና በዚህ ሳምንት የሚቀበለን ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ጀሪካኑን እኔው ይዤ እመጣለሁ።