«የሚያለቅሰው ዛፍ» ይቆረጥ እንዴ?

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ የሚኖር ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ስንጋባ ደጃፋችን ላይ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚዘናፈል ሰማያዊ ስፕሩስ ተከልን። ዘንድሮ ጫፉ ተጎንብሶ መሬት ነካ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ስሙ ‹የሚያለቅስ ስፕሩስ› ነው ብላት ‹በስመ አብ! ለቅሶ በር ላይ? ቁረጠው!› አለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹ከነካኸው ተጣላን› ትላለች። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ መጥረቢያህን አስቀምጥ! ሰማያዊ ስፕሩስ የኮሎራዶ የአገር ልጅ ነው፤ ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግዛቲቱ ዛፍ ነው። የአንተው ዓይነት ግን ብቻውን ቀጥ ብሎ አያድግም፤ ካልደገፉት መሬት ለመሬት ይሳባል። የተጎነበሰው ደጋፊ አጥቶ እንጂ አዝኖ አይደለም።

አጠገቡ ጠንካራ እንጨት ትከል። ለጋውን ጫፍ ቀስ ብለህ አንሳና በለስላሳ ጨርቅ ላላ አርገህ እሰረው። የጠነከረውን ግንድ በግድ አታቃና፣ ይሰበርብሃል። ማሰሪያውን በየዓመቱ እያየህ አላላው፤ አለዚያ ያንቀዋል። ቅጠሉንም አትሸው፤ ሰማያዊ የሚያስመስለው ሰሙ ይለቃል። የምትፈልገው ቁመት ላይ ሲደርስ ማሰሩን ተው፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይዘናፈላል።

ደግሞ ብቻህን አትሥራው። እንጨቱን እናትህ ትያዝልህ፣ ማሰሪያውን ባለቤትህ ትቋጥር። አብረው ያቆሙትን ዛፍ ማን ቁረጡ ይላል? ቸር ሰንብቱ!